ባርላኽ የወደቁትን አላዋረደም፦ ለአንድ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጀርመናዊው ቀራጺ ኤርንስት ባርላኽ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሰው ሲቀባበለው ከርሟል። ለእኔም የላኩልኝ ወዳጆች አሉ። ጸሐፊው አቀላጥፈው መጻፍ ይችሉበታል። ስለ አንድ የውጭ አገር ቀራጺ በአማርኛ ጽፈው ይህን ያህል ሰው ማነጋገራቸውም ያስመሰግናቸዋል። ድምዳሜያቸው ግን ትክክል አይደለም። አንዳንዱ መረጃ ጎዶሎ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እርስ በርሱ ይጣረሳል። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ክሱ ባጭሩ ይህ ነው። የጦርነት ሐውልት ጀግንነትን ማሳየት ሲገባው ባርላኽ የሚያለቅሱና የተሸበሩ ሰዎችን ቀርጾ የሞቱትን አዋርዷል ይላሉ። ጦርነትን ሳያውቅ ቤቱ ተቀምጦ ሰላም የሰበከ ሰው ነው ይላሉ። የቅርጾቹ መልክ ከሩሲያ ገበሬ የተቀዳ ስለሆነ ለጀርመን ሕዝብ ባዕድ ነው ይላሉ። በ1934 ለሂትለር ድጋፍ ስለፈረመ የናዚ ሰለባ ሊባል አይገባም ይላሉ። ዝናውም ናዚዎች ስላሳደዱት ብቻ የመጣ ነው ይላሉ። በመጨረሻም ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የጉስትሮው መልአክ፣ ባርላኽ ለጉስትሮው ካቴድራል የሠራው የነሐስ ቅርጽ፣ ዋናው ሳይሆን ቅጂ ነው ብለው ይዘጋሉ።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ባርላኽ ለሞቱት ወታደሮች ያለውን አክብሮት የገለጸው ልጅ፣ ባልና ወንድም ያጡትን ሰዎች ሐዘን ሳይሸፍን በማሳየት ነው። ይህ ማዋረድ አይደለም። ሰውየው ስህተት ነበረው፤ ስህተቱን ግን ከሥራው ጋር አብረን ማየት እንጂ ሥራውን በስህተቱ መሰረዝ የለብንም። እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባርላኽን ለማያውቁት ትንሽ ልበል። በ1870 ሐምቡርግ አጠገብ ባለችው ቬደል ተወለደ። በሐምቡርግና በድሬስደን ተማረ። በ1910 ሰሜን ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ትንሽ ከተማ ጉስትሮው ሄዶ ኖረባት። ቀራጺ ብቻ አልነበረም፤ ሠዓሊና ጸሐፌ ተውኔትም ነበር። በ1938 ሮስቶክ ውስጥ ሞተ።

ወደ መጀመሪያው ክስ ልግባ፤ ዋናው እሱ ነውና። ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሡት ማግደቡርግ ካቴድራል ውስጥ የሚገኘውን የ1929 መታሰቢያ ነው። «የተሸነፉና የተዋረዱ ሰዎች ስብስብ» ብለውታል። እስቲ ቀረብ ብለን እንየው።

ሥራው ከኦክ እንጨት የተጠረበ ነው። ስድስት ሰዎች አሉበት። ሦስት ወታደሮች ከላይ፣ መስቀል ዙሪያ ቆመዋል። መስቀሉ ላይ ከ1914 እስከ 1918 ያሉት የጦርነቱ ዓመታት ተቀርጸዋል። ከታች ከወገባቸው በላይ ብቻ የሚታዩ ሌሎች ሦስት አሉ። አንዷ በሐዘን የተሸፋፈነች ሴት ናት። መሃል ላይ የብረት ቆብ የደፋ አጽም አለ። በሌላው ጎን ደግሞ የጋዝ ጭንብሉ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ራሱን በእጆቹ ይዟል።

አሁን ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ከነዚህ ውስጥ የሸሸው የትኛው ነው? ሦስቱ ወታደሮች እግራቸውን ተክለው ቆመዋል። ከሥራቸው ሞት አለ፣ ሐዘን አለ፣ እብደት አፋፍ የደረሰ ፍርሃት አለ። እነሱ ግን አሉ። ለእኔ ይህ ከጀግንነት የራቀ አይደለም። እንዲያውም ወታደሩ ምን ችሎ እንደቆመ የሚታየው ከሥሩ ያለው ሲታይ ነው። ፈገግ ብሎ ሰይፍ የመዘዘ ወጣት ብቻ ቢቀረጽ ኖሮ ያ ወጣት ምን እንደከፈለ በምን እናውቃለን?

አንድ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። በዚያ ዘመን ሥራውን የጠሉት የናዚ ባለሥልጣናት ብቻ አልነበሩም። ከጦርነቱ የተመለሱ ዘማቾች የነበሩባቸው ብሔርተኛ ማኅበራትም ተቃውመውታል። ወንድማቸውን ጉድጓድ ውስጥ ትተው የመጡ ሰዎች «እኛ እንዲህ አልነበርንም» ቢሉ በቀላሉ የሚናቅ ድምፅ አይደለም። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ቅር መሰኘት አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ሰው ሐዘን ከአደባባይ ማስወገድ ሌላ ነው። ሥራውን ያሠራው የፕሩሲያ፣ የዘመኑ ትልቁ የጀርመን ክፍለ ግዛት፣ መንግሥት ነበር፤ ባርላኽ በጉልበት አላስገባውም። መስከረም 24 ቀን 1934 ከካቴድራሉ እንዲወጣ ሲደረግ ግን ልጆቻቸውን ያጡትን እናቶች ማንም አልጠየቀም።

ሁለተኛ ምሳሌ ሐምቡርግ ነው። ጸሐፊው ይህን አላነሡትም፤ ቢያነሡት ኖሮ ክሳቸው ይላላ ነበር። እዚያ ከከተማው አዳራሽ አጠገብ፣ ከውኃው ዳር፣ 21 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ሐውልት በ1931 ቆመ። ንድፉ የአርክቴክት ክላውስ ሆፍማን ነው። በአንዱ ጎን ባርላኽ የነደፈው ምስል አለ፦ ያዘነች እናትና እሷ ላይ የተለጠፈ ልጅ። በሌላው ጎን ያለው ጽሑፍ አርባ ሺህ የከተማዋ ልጆች ሕይወታቸውን ለእናንተ ሰጡ ይላል። ለእናንተ ነው የሚለው። የሞቱትን የሚያዋርድ ሐውልት እንዲህ ተብሎ ይጻፍበታል? ምስሉና ጽሑፉ አንድ ላይ ሲነበቡ መልእክቱ አያሻማም። እነሱ ሰጡ፤ ይህች እናትና ይህ ልጅ ደግሞ ቀሩ።

ጸሐፊው የሚመኙት ዓይነት ሐውልትም ሐምቡርግ ውስጥ አለ። በ1936 ዳምቶር አካባቢ የቆመው የሪቻርድ ኩኦል ሥራ ነው። ዙሪያውን ወታደሮች በሰልፍ ይራመዳሉ። አንዱ ከሌላው አይለይም። ጽሑፉም እኛ መሞት ቢኖርብንም ጀርመን መኖር አለባት ይላል። ከሦስት ዓመት በኋላ እነዚያን ወታደሮች የሚመስሉ ልጆች ፖላንድ ገቡ። የባርላኽ ምስል ደግሞ በዚያው ጊዜ ገደማ ተነሥቶ በቦታው የወፍ ቅርጽ ተተካ። የእናትዮዋ ምስል የተመለሰው በ1949፣ ከተማዋ በቦምብ ከነደደች በኋላ ነው። ሁለቱን ሐውልቶች አስተያይቶ የትኛው ለወታደሩ እንደሚያስብ መፍረድ የሚከብድ አይመስለኝም።

እኛም አገር ቢሆን ሐዘንን የሚያሳይ መታሰቢያ አለን። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ላይ ያሉት የነሐስ ምስሎች የሚያሳዩት በ1929 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ነው። እነዚያ ምስሎች ሰማዕታቱን አዋረዱ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እርግጥ እነሱ ሰላማዊ ሰዎች ነበሩ፤ ወታደር ይለያል ሊባል ይችላል። ይለያል። ግን ወታደርም እናት አለው። አስከሬኑ ሳይመጣ እርሙን ያላወጣ ቤተሰብ አለው። ባርላኽ የሠራው ለዚያ ቤተሰብ ነው።

ሁለተኛው ክስ፣ ጦርነትን ሳያውቅ ሰላም ሰበከ የሚለው፣ እውነቱን ገልብጦታል። ባርላኽ በ1914 የሰላም ሰባኪ አልነበረም። እንደ ብዙው ጀርመናዊ ጦርነቱን በስሜት ነበር የተቀበለው። በዚያው ዓመት «ተበቃዩ» የሚባለውን ቅርጽ ሠራ። ልብሱ ወደ ኋላ እየተነፋ፣ ሰውነቱን ወደ ፊት ወርውሮ፣ ሰይፍ ከፍ አድርጎ የሚገሰግስ ሰው ነው። አሳታሚውና የሥራዎቹ ነጋዴ ፓውል ካሲረር ያወጣው ለነበረው የጦርነት ጋዜጣም ሥዕሎች ሰጥቷል። በ1915 መጨረሻ ለውትድርና ተጠራ። ወራት ሳይቆይ በልብ ሕመም ተሰናበተ። ግንባር አልደረሰም፤ ይህን ጸሐፊው በትክክል ጽፈዋል።

ግን ይህ ታሪክ ክሱን ያጠናክረዋል ወይስ ያፈርሰዋል? እኔ ያፈርሰዋል ባይ ነኝ። ባርላኽ ጦርነትን ሲደግፍ የነበረና ያየውን አይቶ የተለወጠ ሰው ነው። ከ«ተበቃዩ» እስከ ማግደቡርግ አሥራ አምስት ዓመት ነው። በመሃል የሰፈሩ ልጆች ሲወጡና ሳይመለሱ ሲቀሩ አይቷል። ግንባር ያልደረሰ ሰው ስለ ጦርነት መቅረጽ አይችልም ከተባለ ደግሞ የእናቶችን ሐዘን ማን ይቅረጸው? ጀርመናዊቷ ሠዓሊና ቀራጺ ኬተ ኮልቪትስ ግንባር አልነበረችም። በጥቅምት 1914 ልጇ ፔተር ቤልጂየም ውስጥ ሞተ። ለእሱ የሠራችው፣ በ1932 የመቃብሩ ስፍራ የቆመው የወላጆች ሐውልት ጦርነትን አያውቅም የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሩሲያው ነገር ብዙ አያቆየንም። ባርላኽ በ1906 ወደ ሩሲያ ግዛት ሄዶ ለሁለት ወር ያህል ቆይቷል። እዚያ ያያቸው ለማኞችና ገበሬዎች እጁን ለወጡት። እሱም አልደበቀውም። ነገር ግን «ባዕድ መልክ ነው» የሚለው ክስ ከየት እንደመጣ ጸሐፊው ቢያውቁት ደግመው የሚጽፉት አይመስለኝም። ቅርጾቹ «ስላቭ» ይመስላሉ፣ ዘራቸው ዝቅተኛ ነው እያሉ የዘመቱበት ናዚዎች ናቸው። ጸሐፊው ይህን አስበው ነው አላልኩም። ግን ነጥቡ ከዚያ መንደር ነው የመጣው። በዚያ ላይ የሰሜን ጀርመን የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያናት በእንጨት ቅርጽ የተሞሉ ናቸው። ሰፋፊ ልብስ፣ ከባድ እጅ፣ ወደ ውስጥ የሚያይ ፊት፤ ባርላኽ እነዚህን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም።

አሁን ከባዱ ነጥብ፣ ፊርማው።

እውነት ነው፤ ፈርሟል። ሂንደንቡርግ በነሐሴ 1934 ሲሞት ሂትለር የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን ከራሱ ጋር ለመደረብ ሕዝበ ውሳኔ ጠራ። ከድምፁ ቀን በፊት «የባህል ሰዎች ጥሪ» የሚል የድጋፍ መግለጫ በናዚው ጋዜጣ ወጣ። የባርላኽ ስም አለበት። የሠዓሊው ኤሚል ኖልደና የአርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮኸም አለ። አንዳንድ የባርላኽ አድናቂዎች ይህን በዝምታ ያልፉታል፤ ጸሐፊው ማንሣታቸው ተገቢ ነው። ፊርማው ስህተት ነበር። «ዘመኑ ከባድ ነበር» ብዬ ላለባብሰው አልፈልግም። በዚያው ዘመን ያልፈረሙ ነበሩ።

ግን ከአንድ ፊርማ ተነሥቶ «ስለዚህ የነሱ ሰው ነበር» ማለት አያስኬድም። ቀኖቹን ተመልከቱ። መግለጫው የወጣው በነሐሴ አጋማሽ ነው። የማግደቡርጉ ሥራ የተነሣው በመስከረም 24 ነው። አንድ ወር ከጥቂት ቀን እንኳ ፋታ አላገኘበትም። ከዚያ የሥዕሎቹ መጽሐፍ ተወረሰ። በ1937 ከፕሩሲያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ እንዲወጣ ተደረገ። ከየሙዚየሙ ከሦስት መቶ በላይ ሥራዎቹ ተለቅመው ወጡ። ሙኒክ ውስጥ «የዘቀጠ ጥበብ» ተብሎ ለመሳለቂያ በተከፈተው ዐውደ ርእይ ላይ ክርስቶስና ቶማስ ሲተቃቀፉ የሚያሳየው ሥራው ቀረበ። ሥራውን ለሕዝብ እንዳያሳይ ተከለከለ። በዓመቱ ሞተ። ኮልቪትስ ጉስትሮው ድረስ ሄዳ አስከሬኑን ተሰናበተች፤ ሣለችውም።

ሰው ደካማ ሆኖ ሊፈርም ይችላል፤ ያው ሰው ደግሞ ሊሳደድ ይችላል። ሁለቱም በባርላኽ ላይ ደርሰዋል። አንዱን ለመናገር ሌላውን መካድ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የራሳቸው ሁለት ክሶች እንደሚጋጩ ያስተዋሉት አይመስለኝም። በአራተኛው ነጥብ የናዚ ሰለባ አይደለም ይላሉ። በአምስተኛው ደግሞ ዝነኛ የሆነው ናዚዎች ስላሳደዱት ነው ይላሉ። አልተሳደደም ከተባለ በመሳደዱ ሊታወቅ አይችልም። ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው።

ለማንኛውም የዝናው ነገር በዓመታት ሲፈተሽ ውኃ አያነሣም። የፕሩሲያ አካዳሚ አባል የሆነው በ1919 ነው። ለተውኔቱ የክላይስት ሽልማትን ያገኘው በ1924 ነው። የጉስትሮው መልአክ በ1927፣ የኪል ከተማው «የመንፈስ ተዋጊ» በ1928፣ ማግደቡርግ በ1929፣ ሐምቡርግ በ1931። ሉቤክም የቅድስት ካታሪና ቤተ ክርስቲያንን ፊት በቅርጾች እንዲሞላ አዞት ነበር፤ ሦስቱን ብቻ ሠርቶ ጊዜው ተዘጋበት። ይህ ሁሉ ከሂትለር በፊት ነው። ናዚዎች ያሳደዱት ታዋቂ ስለነበረ ነው። ሥራዎቹ በየካቴድራሉና በየአደባባዩ ስለቆሙ ነው። ማንም የማያውቀውን ሰው ሐውልት ለማንሣት ማን ይደክማል?

ከጦርነቱ በኋላም ነገሩ አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። በ1951 መጨረሻ ምሥራቅ በርሊን ውስጥ ትልቅ ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅለት የኮሚኒስቱ ፓርቲ ጋዜጣ ወረደበት። ፎርማሊስት ነው (ከይዘት ይልቅ ለቅርጽ የሚጨነቅ ማለታቸው ነው)፣ ተስፋ ቢስ ነው፣ ለሠራተኛው መደብ አይበጅም ተባለ። ጸሐፌ ተውኔቱ ቤርቶልት ብሬሽት ወጥቶ መከላከል ነበረበት። ናዚዎች ጀግና አላሳየም ብለው ጠሉት፤ ኮሚኒስቶቹም በራሳቸው ቋንቋ ወደዚያው ቀረቡ። በሁለት ተጻራሪ መንግሥታት የተወገዘን ሥራ በአንዱ ውግዘት ምክንያት ታወቀ ማለት ከባድ ነው።

የመጨረሻው ክስ ስለ መልአኩ ነው። ይህን ክፍል ሳነብ ነው በጣም ያዘንኩት፤ ታሪኩ እንዲህ በሁለት መስመር የሚጣል አይደለምና።

መልአኩ የነሐስ ነው። ባርላኽ ለጉስትሮው ካቴድራል 700ኛ ዓመት ሠርቶ የሰጠው የጦርነት መታሰቢያ ነው። የራሱን የድካም ዋጋ አልተቀበለም። መልአኩ አልቆመም፤ አይበርም። እንደ ሰሌዳ ጋደም ብሎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረዋል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል። ፊቱ የኬተ ኮልቪትስን ፊት ይመስላል። ባርላኽ ራሱ ይህ ፊት ሳያስበው እንደገባ ተናግሯል።

ነሐሴ 1937 ላይ አወረዱት። በኋላም ለጦር መሣሪያ ብረት ተብሎ ቀለጠ። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ያልጻፉት ቀጥሎ ያለውን ነው። በ1939፣ ባርላኽ ከሞተ በኋላ፣ ወዳጆቹ ከጀሶው ቅርጽ ሁለተኛ ነሐስ በድብቅ አስፈሰሱ። ሉነቡርገር ሃይደ በሚባለው ገጠር ደበቁት። የጀሶው ቅርጽ በርሊን ውስጥ በቦምብ ጠፋ። ሁለተኛው ነሐስ ከጦርነቱ በኋላ ኮሎኝ ውስጥ በአንቶኒተር ቤተ ክርስቲያን ተሰቀለ። ከእሱ ደግሞ ሦስተኛ ተሠርቶ በ1953 ጉስትሮው ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ጉስትሮው በምሥራቅ፣ ኮሎኝ በምዕራብ ጀርመን ነበሩ። አገሩ ለሁለት ሲከፈል መልአኩ በሁለቱም ወገን ነበር።

«ቅጂ ነው» የሚለው ቃል እዚህ አይሠራም። የነሐስ ሥራ አሠራሩ ራሱ እንዲህ ነው። ቀራጺው በጭቃ ወይም በጀሶ ይሠራል፤ ባለሙያዎች ቅርጽ አውጥተው ነሐስ ያፈሱበታል። ከአንዱ ጀሶ ሁለትና ሦስት ማፍሰስ የተለመደ ነው። የፈረንሳዊው ቀራጺ የሮዳን «አሳቢው» በስንት ከተማ አለ? የኮሎኙ መልአክ የፈሰሰው ባርላኽ ከሠራው ከዚያው ጀሶ ነው። የጉስትሮው ደግሞ ከኮሎኙ የወጣ ስለሆነ አንድ ደረጃ ይርቃል፤ ይህን እሰጣቸዋለሁ። ግን ይህ መልአኩን ሐሰተኛ አያደርገውም።

ካዳኑት ሰዎች አንዱ ቤርንሃርድ ቦመር ነው። እሱም ውስብስብ ሰው ነው። ናዚዎች «የዘቀጠ» ብለው ከሙዚየም የነጠቁትን ጥበብ እንዲሸጡ ከፈቀዱላቸው አራት ነጋዴዎች አንዱ ነበር። ከአገዛዙ ጋር እየሠራ የባርላኽን ሥራዎች ደበቀ። ጸሐፊው እንዲህ ያለውን ሰው አግኝተው ቢሆን ኖሮ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚከቱት አላውቅም። ታሪኩ እንዲህ የተጠላለፈ ስለሆነ ነው ባርላኽን በ«ጀግና» ወይም «ከሃዲ» መለካት የማይሆነው።

ጽሑፋቸው አሁንም እየተሰራጨ ስለሆነ ጸሐፊውን ሦስት እርማት እጠይቃቸዋለሁ። በ1914 ባርላኽ ጦርነቱን ደግፎ እንደነበር ይጨምሩ። ከ1934ቱ ፊርማ አጠገብ የማግደቡርጉ ሥራ የተነሣበትን ቀን ይጻፉ። ስለ መልአኩ ባነሡበት ቦታ ደግሞ የ1939ኙን ድብቅ ነሐስ ያስገቡ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሥራውን ላይወዱት ይችላሉ፤ መብታቸው ነው።